በስልኬ አልከፈት ያለኝ የእማዬ ሥዕል

ከቢቸና የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ፣ በደጀን በኩል አዲስ አበባ በሚገባው አውቶብስ ነው። እማዬ መናኸሪያው ድረስ ሸኝታኝ፣ በመስኮቱ በኩል እጄን ይዛ፣ ሹፌሩ ሞተር እስኪያስነሳ አልለቀቀችኝም። አገር ቤት ያላችሁም፣ እንደ እኔ በሰው አገር ሰው ቤት የምትሠሩም፣ ያን አያያዝ ታውቁታላችሁ።

ከመሄዴ በፊት ገበያው አጠገብ ባለ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ እሠራ ነበር፤ የሠርግ ጥሪ፣ ባነር፣ የሱቅ ታፔላ እስላለሁ። አዲስ አበባ ቅጽ የሞላልኝ ደላላ ሙያዬን ሲጠይቀኝ "ግራፊክስ" ስለው እስክሪብቶውን አንሥቶ አየኝ።

"እሱ፣ ቤት መወልወልን ይጨምራል?"

"አይጨምርም።"

"እንግዲያው እንተወው" አለና "የቤት ሠራተኛ" ብሎ ጻፈ።

ቤይሩት የገባሁት በሐምሌ ነው። ቢቸና ዝናብና በረዶ በሚወርድበት ወር እዚህ ላብ ከፊት አይደርቅም። ዳቦአቸው ኩብዝ ይባላል፤ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል፣ ሆድ ይሞላል እንጂ አያጠግብም። የምንከባከባት የአሠሪዬ የማዳም እናት ናት፤ ተታ እላታለሁ፣ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ጆሮዋ አይሰማም፤ ማዳም ደግሞ ሥራ ውላ የምትገባው አመሻሽ ላይ ነው። አንዳንድ ቀን የራሴን ድምፅ ለመስማት ብዬ ብቻ ለተታ በአማርኛ አወራላታለሁ።

በሁለተኛው ዓመት እማዬ አረፈች። ሞጣ የሚያስተምረው ታናሽ ወንድሜ አንተነህ፣ እኔ እዚህ ብቻዬን ምን እንደምሆን ፈርቶ፣ ያረዳኝ ከተቀበረች ከሳምንት በኋላ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ደወለ። የመቃብር ድንጋይ ሊያሠራላት ነው፤ ጠራቢው መልኳን ይፈልጋል። ያለው ፎቶ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ማህተሙ ፊቷ ላይ አርፎበታል።

"በኮምፒውተር የሳልሻት አለች አይደል?" አለኝ።

አለች። አንድ ቀን ማተሚያ ቤት መጥታ ሥራ እስክጨርስ ስትጠብቀኝ፣ ፊቷን በመስመር ብቻ ስዬ ከሥሩ ስሟን ጽፌበት ነበር። ፋይሉን ከሌሎች ሥራዎቼ ጋር በሚሞሪ ካርድ ይዤው መጥቻለሁ። ግን ሲዲአር የሚባለው ዓይነት ነው፤ በተሳለበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ካልሆነ በቀላሉ አይከፈትም። ስልኬ ላይ ስነካው የሚከፍተው የለም ይለኛል። አንድ አፕ ባወርድ የጥፍር ያህል ብዥ ያለ ነገር አሳየኝ፤ እማዬ ትሁን ሌላ ሰው አይለይም።

እሑድ ስወጣ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። በተሰባበረ ዐረብኛዬ አስረዳሁት።

"ይሄ የኮምፒውተር ፋይል ነው። ኮምፒውተር የለሽም?"

"የለኝም።"

"ማዳምሽስ?"

"አላት። አቧራውን የማራግፈው እኔ ነኝ።"

ሳቀ፤ ከዚያ አፈረ መሰለኝ፣ ወንበር ሰጠኝ። ፋይል ተቀብሎ ወደ ሌላ ዓይነት የሚቀይር ድረ ገጽ አሳየኝ። ሲዲአሩን ሲሰጡት ፒዲኤፍ አድርጎ ይመልሳል፣ ፒዲኤፉን ደግሞ የትኛውም ስልክ ይከፍተዋል አለኝ። ሁለቴ ኔትወርኩ መሐል ላይ ተቋረጠ። በሦስተኛው ተሳካ።

እማዬ መጣች። በጣቴ አሰፋኋት። በነጥብ ሳይሆን በመስመር የተሠራ ሥዕል ቢለጠጥ አይደበዝዝምና የዓይኗ ጠርዝ፣ ከንፈሯ፣ የነጠላዋ እጥፋት ጥርት ብሎ ወጣ። ስሟ ግን የለም። ያኔ የጻፍኩበት የአማርኛ ፊደል ዓይነት፣ ፎንት የሚባለው፣ ድረ ገጹ ዘንድ ስለሌለ፣ በቦታው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ተደርድሯል።

"ስሟ ይሄ ነው?" አለኝ ሰውየው።

አይደለም አልኩት። ትክክለኛውን ነገርኩት። ሊደግመው ሞከረ፣ አልሆነለትም። ስሟን ከእኔ ሌላ የሚጠራ ሰው በዚህ አገር እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሥዕሉን ለአንተነህ ላክሁለት፤ ከሥሩ ያለውን እንዲተዉት፣ ስሟን ጠራቢው በእጁ እንዲቀርጸው አደራ አልኩ።

ድንጋዩ በቆመ ቀን እዚያው መቃብሩ አጠገብ ሆኖ ደወለልኝ። ተታን ምሳ እያበላሁ ነበር። ያየ ሁሉ ራሷ ናት አለ አለኝ። ፎቶ እንዲልክልኝ ብጠይቀው ኔትወርኩ ለድምፅ እንጂ ለፎቶ እንደማይበቃ ነገረኝ።

"እንግዲያው የተጻፈውን አንብብልኝ" አልኩት።

ስሟን አነበበ። የአባቷን ስም አነበበ። ቀጥሎም ድንጋዩን ያቆሙላትን ልጆቿን፣ እኔን አስቀድሞ። ከኋላው ባጃጅ ሲያልፍ፣ ሰዎች በአማርኛ ሲነጋገሩ ይሰማል።

"ሰማሽ፣ እታለም?" አለኝ።

ሰምቻለሁ። "አልሰማሁም፣ ተቆራረጠብኝ" አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያው ጀመረ።