የትርፌ መንጋጋና የአባቷ እጅ

የትርፌ አፍ የተቆለፈው ጉርሻ ፊት ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ማን ልብ ይለው ነበር? ሶዶ ገበያ፣ ባሏ ደገፉ የልብስ ስፌት መኪናውን በሚያንቀጫቅጭበት በረንዳ ላይ፣ አንዲት ሴት ዝም ብትል «ጨዋ ናት» ተብሎ ይታለፋል። የእሷ የተቆለፈው ግን ከቤሌ ከተማ ማዶ ባለው የአባቷ ቤት፣ በመስቀል ቀን፣ የአባቷ እጅ ከንፈሯ ሥር ከደረሰ በኋላ ነው።

ወላይታ ውስጥ መስቀል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያደክመኛል። ዓመቱን ሙሉ የሚለፋው ለዚያች ቀን ነው። በሬ ይታረዳል፣ ሥጋው ከቆጮና ከሚያቃጥለው የሚጥሚጣ ዳጣ ጋር ይቀርባል፣ የራቀ ልጅ ሁሉ ይገባል። የትርፌ አባት ጋሽ ጩማ ደግሞ የራሳቸው ወግ ነበራቸው፤ ማንም ገበታው ላይ እጁን ከመስደዱ በፊት ሚስታቸውን ባዳቾን፣ ቀጥሎ ልጆቻቸውን በየተራ በገዛ እጃቸው ያጎርሳሉ። ትርፌ የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። «አባ፣ በዛ!» እያለች፣ ጉንጯ ተወጥሮ፣ እየሳቀች ነው ያደገችው።

ሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት በጠባ በመስከረሙ ግን፣ አፏን ልትከፍት ስትል ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር ቀጭ አለና ያዛት። አልከፈት አለ። ሕመሙ ዓይኗን አጨለመው። ደንግጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ሸፈነችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምን ብላ ታስረዳ? መናገር ቢሆንላትማ መጉረሱም ይሆንላት ነበር! የአባቷ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ጉርሻውን መልሰው ገበታው ላይ አኖሩት። «የከተማ ሰው ሆናለች» አሉ በወላይትኛ፣ ቀስ ብለው። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ሲላቀቅላት «አሞኝ እኮ ነው፣ አባ» አለቻቸው። «ደህና፣ ደህና» ብለው ከብቶቹን ሊያዩ ወጡ። አይፈረድባቸውም። ሆድ ያማል፣ ጥርስ ያማል፤ አፍ አልከፈት ብሎ ያማል ሲባል ግን ማን ሰምቶ ያውቃል?

ሶዶ እንደተመለሰች ከገበያው ጀርባ መርፌ የሚወጋ፣ ጥርስም የሚነቅል አንድ ድሬሰር ዘንድ ሄደች። እዚህ ላይ አማርኛችን ጉድ ሠራት። «መንጋጋዬን ነው» አለችው። መንጋጋ አጥንቱም ነው፣ የኋላ ጥርሱም ነው። እሷ አጥንቱን አለች፣ ሰውየው ጥርሱን ሰማ። ጉጠቱን አነሳና አንዲት ነቁጥ የሌለባትን ጤነኛ ጥርስ ከታች ነቅሎ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። «ተገላገልሽ» አላት። ወይ መገላገል! ሕመሙ ባሰ እንጂ አልተነቀለም። አንዳንዱን ቀን ይለቃታል፣ አንዳንዱን ቀን ሾርባ በማንኪያ ፉት ትላለች።

በቀጣዩ መስቀል አባቷ ቤት አልሄደችም። ዳግመኛ ብትያዝስ? ከዚያ በሚቀጥለውም ቀረች። መሐል ላይ እናቷ ባዳቾ አረፉ፤ ለቅሶ ሄዳ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ሰነበተች፣ ስለዚያ ነገር ግን አንዳቸውም አላነሱም። ሶዶ ሆና ስትናፍቅ የሚመጣባት ያ እጅ ነበር። ቅቤ ቅቤ የሚሸተው፣ ጉርሻውን አስገብቶ በአውራ ጣቱ ገፋ የሚያደርገው የአባቷ እጅ። «እኔ ላጉርስሽ» ይላታል ደገፉ፣ ሆዷ ሲባባ አይቶ። «የአንተ ሌላ ነው፤ ተወኝ» ትለዋለች።

ሶዶ ሆስፒታል የጥርስ ሐኪም መጥቷል ሲባል ደገፉ ራሱ ጎትቶ ወሰዳት። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የምታስተረጉምለት ጽጌሬዳ የምትባል ነርስ ደግሞ እዚያው የተወለደች፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ ናት። በወላይትኛ ስትጠይቃት ትርፌ ሕመሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ስህተት ተናገረች። ሐኪሙ ጣቶቹን ጆሮዎቿ ፊት አሳርፎ አስከፈታት፣ አስዘጋት።

«ጥርስሽ ምንም አልነበረም፣ እትዬ» አለች ጽጌሬዳ። «የታመመው መጋጠሚያው ነው።»

«እንዲያው በከንቱ ሄደች በይኛ!» ብላ ትርፌ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

የታችኛዋ ከተነቀለች ወዲህ የላይኛዋ ወርዳ ንክሻዋን አዛብታው ኖሯል። ሐኪሙ ያቺን ጥርስ ሞረደላት፤ ስትተኛ የምታጠልቀው፣ በጥርሷ ልክ የተሠራ ማስነከሻም ሰጣት። «‹ጥርስሽን ነክሰሽ ነው የምታድሪው› ይልሻል» አለቻት ጽጌሬዳ። ከራሷም ጨመረችበት፤ «ማን ላይ ነው የነከስሽው?»

«ራሴ ላይ ነዋ» አለች ትርፌ።

የቀረው የጽጌሬዳ ሥራ ነበር። ሙቅ ጨርቅ ጉንጯ ላይ ታደርግላታለች፣ የከረረውን ጡንቻ በጣቷ ታሽላታለች፣ ከዚያ ምላሷን ላንቃዋ ላይ አስጣብቃ መስታወት ፊት ቀስ ብላ ታስከፍታታለች። አገጯ ወደ ጎን ካመለጠ እንደገና ነው። ትርፌ ግን ችኩል ናት። አንድ ቀን ቤቷ ትልቅ ድንች ወደ አፏ ልትወስድ ስትታገል ተያዘችና እንደዚያው እየሮጠች መጣች።

«ምን አስቸኮለሽ?» ብላ ጮኸችባት ጽጌሬዳ፣ ካላቀቀቻት በኋላ። «መስቀል ገና ነው!»

«አባቴ ሸምግለዋል» አለች ትርፌ።

ክረምቱ ሲወጣ ሁለት ጣቶቿ ተደራርበው በጥርሶቿ መሐል ገቡ። ሦስተኛው እንቢ አለ። ጽጌሬዳም «ከዚህ ላያልፍ ይችላል፤ በትንሽ በትንሹ ጉረሺ» ብላ እውነቱን ነገረቻት።

በመስቀል ቀን አባቷ ቤት ገበታው ቀረበ። ትርፌ ተራዋን ልትጠብቅ ተዘጋጀች። ጋሽ ጩማ ግን «ብሉ» አሉ፤ ሁሉም እጁን ሰደደ። ደነገጠች።

«ማጉረሱ ቀርቷል» አላት ታናሽ ወንድሟ ኤርሳዶ በጆሮዋ።

ተነሥታ አባቷ ፊት ተንበረከከች። «አባ፣ አጉርሱኝ» አለችና አፏን ከፈተች።

ጋሽ ጩማ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ። ጎንበስ ብለው የተከፈተውን አፍ፣ ባዶውን የጥርስ ቦታ፣ የሚንቀጠቀጠውን አገጭ አዩ።

«ለካ እውነትም አሞሽ ነበር?»

«አሞኝ ነበር፣ አባ።»

«እኔ እጄን የተጸየፍሽ መስሎኝ…» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ማንንም አላጎረስኩም። እናትሽንም። በመጨረሻው መስቀሏ ከጎኔ ተቀምጣ እጄን እጄን ስታይ ነበር። ሳላጎርሳት ሄደች።»

ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ። ለሕፃን የሚበቃ ትንሽ ጉርሻ አበጁና አጎረሷት፤ በአውራ ጣታቸውም ገፋ አደረጉት። እሷ ሥጋውን አላምጣ እስክትጨርስ ሌላው ሁሉ መብላቱን ትቶ ጠበቃት።

ጋሽ ጩማ ሁለተኛ ጠቀለሉ። ይቺኛዋ የድሮዋ ዓይነት ነበረች፤ ከሁለት ጣት ታልፋለች።

«ይቺ የባዳቾ ናት» አሉ።

ትርፌ አገጯን በእጇ ደግፋ አፏን ከፈተች።