የመናፈሻችን ኩርባ

ባለፈው እሑድ ከየካ አባዶ ሁለት ታክሲ ቀይሬ የልጅ ልጄን ወዳደግኩበት ሰፈር፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወሰድኳት። መናፈሻው ውስጥ ቆሎ እየቆረጠምን ስንሄድ፣ «እምዬ፣ መንገዱ ለምን እዚህ ጋ ይታጠፋል?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። በእኔ ጥፋት ነዋ!

መናፈሻው ሲሠራ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ከአጥሩ ውጭ ያለው አሮጌ የመቃብር ቦታ ለሰፈሩ መናፈሻ እንዲሆን ፈቀደ፤ መቃብር እንዳይነካ ብቻ አስጠነቀቀን። ጥቅምት ላይ፣ የእንጦጦ ብርድ ጣታችንን እየቆረጠው፣ እኛ ወጣቶች ሳማውን መነጠርን። መንገዱን እንደ ክር ቀጥ አድርጌ የቀየስኩት እኔ ነኝ። ዳርና ዳሩንም ሣር ውስጥ ተበታትኖ ባገኘሁት ድንጋይ አሳመርኩት። ጉራዬ ለጉድ ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጎረቤታችን እትዬ አጸደ፣ ጉሊት ሽንኩርት የሚሸጡት፣ ጧፍ ይዘው መጡ። ዞሩ፣ ዞሩና «ልጄ፣ የአበበን ድንጋይ ማን አነሳው?» አሉኝ።

ክው አልኩ። ለካ ሐውልት ማሠሪያ ያጣ ሰው ለሟቹ ራስጌ ድንጋይ ያቆማል። የአንድ ልጃቸውን ምልክት ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

«አንዱን ድንጋይ አንስተሽ ይኸውልዎት በያቸው። በምን ያውቃሉ?» አለኝ አንዱ ጓደኛዬ በጆሮዬ። እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ አማረኝ። ግን ባዶ መሬት ላይ ሊያለቅሱ ነው? «እኔ ነኝ፤ ይማሩኝ» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አልተቆጡኝም። ጧፋቸውን እንደያዙ መሬት መሬቱን ያያሉ። ከቁጣው ይልቅ እሱ ባሰብኝ።

መቃብር የሚቆፍሩት የእድራችን ሰዎች ናቸውና ቤት ለቤት እየሮጥኩ ጠየቅሁ። የሚያስታውስ ጠፋ። መጨረሻ ላይ ባለ ሱቁ ጋሽ ከድር፣ «እኔ አይደለሁ እንዴ የቆፈርኩት!» ብለው ሱቃቸውን ዘግተው ተከተሉኝ። መናፈሻው ውስጥ ካለው ትልቅ የወይራ ዛፍ ተነስተው ሰባት እርምጃ ቆጠሩ። «እዚህ ጋ የወይራ ሥር አስቸግሮን በመጥረቢያ ቆርጠነዋል» አሉና አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ። የተቆረጠው ሥር ብቅ አለ። መንገዴ መሃል ላይ!

እትዬ አጸደ ተንበርክከው አፈሩን ዳበሱ። «አለህልኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

በማግስቱ መንገዱን አፍርሰን አጠፍነው። የሌሎቹንም ድንጋዮች ዘመድ ጎረቤት እየጠየቅን ወደየቦታቸው መለስን። ጋሽ ከድር «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» እያሉ እየሳቁብኝ አብረውኝ ተሸከሙ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ቀጥ አድርጌ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያች ኩርባ ግን ያኮራኝ የለም። ለልጅ ልጄ ይህንኑ ነግሬ ሳልጨርስ አንድ ልጅ ኳሱን እየነዳ በሣሩ ሊያቋርጥ መጣ። እጆቿን ዘርግታ መንገዱን ዘጋችበት።

«በዚያ ዙር! እዚህ አበበ ተኝቷል።»