የባትሪ ድንጋይ ያስቀረው ድምፄ

ሰሞኑን ከቤቴ በረንዳ የሌላ ወንድ ድምፅ አልጠፋ ብሏል። ባለቤቴ ፋጤ ምስር እየለቀመች ስልኳን ከጎኗ ታስቀምጥና የሰይድን ዘፈን ትከፍታለች። ሰይድ አብሮ አደጌ ነው፤ ከሞተ ቆይቷል፣ አላህ ይዘንለት። ድምፁ ግን ገና ጎረምሳ ነው።

ይህን ያመጣብኝ የሰይድ ልጅ አሊ ነው። ሐይቅ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አለው፤ ድሮ ዘፈን በሚሞሪ ካርድ እየገለበጠ ይሸጥ ነበር። አሁን የአባቱን ካሴት ክላውድ በሚሉት ላይ ጫነው።

"የራሴን ኮምፒውተር ሌት ተቀን ከፍቼ ላስቀምጥ ብል አልችለውም አባባ" አለኝ። "እዚያ ግን በትንሽ ኪራይ ይቀመጥልኛል። ሊንኩን እልካለሁ፤ ደሴ ያለውም ጅዳ ያለውም ከዚያው ይሰማል።"

እኔ እንደገባኝ ነገሩ እንደ ሐይቃችን ነው፤ ስንቱ ሰው ቢቀዳው አይጎድልም።

"ትርፍ ቦታ አለው?" አልኩት።

"ሞልቷል! የእርስዎንም ያምጡና እንጫነው።"

የእኔን! ከየት አምጥቼ?

ጎረምሶች ሳለን ነው። ኅዳር ላይ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ ጤፍ ልናጭድ ጅጌ ወጣን፤ ያው ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ማሳ ባንድ ቀን ሲጨርስለት ማለት ነው። ሰይድ ግጥም አውራጅ፣ እኔ ከተቀባዮቹ ፊተኛው። ፋጤ ንፍሮ ይዘው ከመጡት ልጃገረዶች አንዷ ነበረች። ንፍሮው ትኩስ ነበር፣ ጨውም አልጎደለው፤ እኔ ግን እሷ ባለችበት መዋጥ ያቅተኝ ነበር።

የማሳው ባለቤት ወንድም ከአሰብ ቴፕ ይዞ መጥቷል። የባትሪ ድንጋዩ ደክሞበት ፀሐይ ላይ አሰጣው። ሲሞቅ ነፍስ ይዘራል ይባል ነበር፤ ይዘራልም።

"ድንጋዩ እንዲበቃን አውራጁን ብቻ ነው የምቀዳው" አለ። "ተቀባይ እንደሁ ያው ነው፣ አንድ ዓይነት።"

አንድ ዓይነት! ይኸው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሰይድ ማጭዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጀመረ፦

"አርዲቦ ማዶ ነው የፍቅሬ ሰፈር፣
ውሃው ባይከለክል ስንቴ በሄድኩ ነበር።"

ፋጤ እልልታውን አቀለጠችው። እኛ "ነይ በታንኳ፣ ነይ በታንኳ" ልንል አፋችንን ስንከፍት፣ ቀጭ! ቴፑ ተዘጋ። ስንጨርስ፣ ቀጭ! ተከፈተ። ማሳው እስኪያልቅ እንዲሁ ሆነ።

"ሁሴን፣ ጉሮሮህን ለንፍሮው አስቀምጠው" አለኝ ሰይድ እየሳቀ። ልጃገረዶቹም ሳቁ። እሷም ሳቀች።

ያ ካሴት በአውቶብስ እየተሳፈረ ደሴ ወጣ፣ ወልድያ ወረደ። ፋጤን ያገባኋት ግን እኔ ነኝ። ታዲያ ምን ቀረብህ የሚለኝ አለ። እልልታዋ ነዋ! ሰርጌ ላይ ሌሎች እልል አሉ፤ የእሷ ከሰይድ ድምፅ ጋር ተጋብቶ ካሴት ውስጥ ቀረ። አሁን ደግሞ ጅዳ ድረስ ይሰማል።

ትናንት አላስችል ብሎኝ በረንዳው ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ሰይድ ግጥሙን ጨረሰ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ቀጭ አለ።

"ይህ ልጅ ቢያጠፋው ምን አለበት" ብዬ አጉረመረምኩ።

ፋጤ ጣቷን ስልኩ ላይ አሳርፋ ዘፈኑን አቆመችው። "አንተ ሰውዬ፣ ምን ትጠብቃለህ? ተቀበል እንጂ!"

"ነይ በታንኳ..." አልኩ። ድምፄ ሻክሯል፣ መሐሉ ላይም ሳል ገባበት። እስክጨርስ ድረስ ስልኩን አልነካችውም።

ከዚያ መልሳ ሰይድን ከፈተችው።

ቅናት ከጥርስ ጋር አይረግፍም፤ ዛሬም ድምፁ ሲጀምር አጉረመርማለሁ። ብቻ ቀጭ ሲል ለመቀበል እንዳልዘገይ፣ ጓሮም ብሆን በትሬን አንስቼ ፈጠን ፈጠን እላለሁ።