በእጄ ያጠመቅሁት

ወልቂጤ ሳድግ ካቶሊክ መሆን ማለት ሲያስረዱ መዋል ማለት ነበር። ኦርቶዶክስ ጓደኞቼ «ያው ጴንጤ ናችሁ» ይሉኛል፤ ጴንጤዎቹ ደግሞ «ያው ኦርቶዶክስ ናችሁ» ይሉኛል። ማስረዳቱ ሲሰለቸኝ ለጠየቀኝ ሁሉ «ክርስቲያን ነኝ» ብዬ ማለፍ ለመድኩ። እውነቱን ለመናገር ሃይማኖቱ የእናቴ እንጂ የእኔ አይመስለኝም ነበር።

እናቴ የተወለደችው ከጉንችሬ ወዲያ፣ ቄስ ከስንት ጊዜ አንዴ ብቅ በሚልበት ገጠር ነው። ለዚህም ይመስለኛል ከጸሎቱ ሁሉ አስቀድማ ያስተማረችኝ፣ ሕፃን ሊሞት ሲል ማንም ሰው፣ ሴትም ብትሆን፣ ማጥመቅ እንደሚችል ነው። «ሞት ቄስ አይጠብቅም» ትለኝ ነበር። ውሃ ሦስት ጊዜ ታፈሺያለሽ፣ ስሙን ትጠሪያለሽ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ትያለሽ፤ በቃ። ይህን ተምሬ መጀመሪያ ያጠመቅሁት የጎረቤታችንን ጫጩት ነው። እናቴ አርጩሜ ቆርጣ እግሬን ለበለበችኝ፤ በዚህ አይቀለድም አለች።

አድጌ ቡታጅራ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድ ጴንጤ አገባሁ። ደግ ሰው ነው፤ ዛሬም ደግ ነው። ቤተሰቦቹ ወደዱኝ፤ እሑድ እሑድ አብሬያቸው ቸርች እየሄድኩ ዘመርኩ። ማንም አላስገደደኝም። የእናቴ ቤተ ክርስቲያን ትዝ የሚለኝ ወልቂጤ ለቅሶ ስሄድ ብቻ ነበር።

ከዚያ ልጃችን ያለ ጊዜው ተወለደ።

ጠዋት ነው። ሐኪሙ ባሌን መድኃኒት ፍለጋ ልኮታል። ልጁን ደረቴ ላይ በጨርቅ አስረውልኛል፤ ይሞቀዋል ብለው። ትንፋሹ መቆራረጥ ሲጀምር ነርሷ መጥታ አየችውና ከዚያ በኋላ ዓይኔን ማየት ፈራች። ገባኝ። አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ከመስቃን የመጣች ሙስሊም አራስ ነበረች። «እህቴ፣ ውሃ» አልኳት። የምጠጣ መስሏት ኩባያዋን አቀበለችኝ። ጣቶቼን ነከርኩና ግንባሩ ላይ አፈሰስኩ፤ ደገምኩ፤ ሠለስኩ። በእናቴ አባት ስም ጠራሁት። ስንት ዓመት አፌ ያልነካው ጸሎት ሳይደናቀፍ ወጣ። ሴትዮዋ «ያ አላህ» ብላ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች፤ አብራኝ አለቀሰች።

ማን እንደሆንኩ ያወቅሁት ያን ጠዋት ነው። እንዲህ ሆኖ ከማውቀው ሳላውቀው ብቀር በተሻለኝ።

ባሌ ሲመለስ ልጁ አርፏል። «አጥምቄዋለሁ» አልኩት፤ ስሙንም ነገርኩት። የመድኃኒቱን ፌስታል እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ቀብሩ ላይ የቸርቹ መጋቢ «ይህ ሕፃን» እያለ ጸለየ። «ስም አለው» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ማታ አማቴ ጸጉሬን እየዳበሰች፣ «ልጄ፣ ሕፃን እኮ ድሮም የጌታ ነው። ውሃው ምን ይጨምርለታል?» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነበር፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ነደድኩ። «ምንም ካልጨመረ ስሙን መጥራት ምን ያስፈራል?» አልኳት። እጇን ከራሴ ላይ አነሳች።

ባሌም አንድም ቀን ስሙን አልጠራም። «ልጁ» ይላል። «ልጁ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የለሽም» ይላል። ድስቱን ከነክዳኑ ወረወርኩት። «ልጁ አትበለኝ! ስም አለው!» አልኩት። መነጽሩን አንስቶ ወደ ብየዳው ሄደ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ በስሙ ሲጠራ መስማት። አባቱ ካልጠራው ቤተ ክርስቲያኔ ትጥራው ብዬ ወልቂጤ ለመሄድ ተነሳሁ። ባሌ «እንደፈለግሽ» አለና፣ ሳልጠራው ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ግን «እዚህ ልጠብቅሽ» አለኝ።

ሽማግሌው ቄስ እንዴት እንዳጠመቅሁት አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ጨርሼ ስነግራቸው «ተጠምቋል» አሉ። የመጣሁት ለዚህች ቃል ነበር። «አባ፣ ምሕረት ይለምኑለት» አልኳቸው። «ምን በድሎ ልጄ? ይልቅ እሱ ላንቺ ይለምን» አሉኝ። ቅዳሴው ላይ ስሙን ጠሩት። ከእኔ አፍ ሌላ በሰው አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። አለቀስኩ፣ ግን ልቤ ቀለል አለኝ። ዛሬ ማነሽ ለሚለኝ ካቶሊክ ነኝ እላለሁ፤ ማስረዳቱን ትቼዋለሁ።

ያን ቀን ቅዳሴው አልቆ ዞር ስል ባሌ ጫማውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሰምቷል። ወደ መናኸሪያው ሄድን። ሚኒባስ እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እኔም ያሰብኩለት ስም ነበር» አለኝ።

ጠይቄው አላውቅም።

«ከአምስት ወርሽ ጀምሮ ሥራ ቦታ ብቻዬን ስሆን እጠራው ነበር። ያን ቀን እየሮጥኩ ስመጣ... ስም ወጥቶለት ደረስኩ።»

ማን ብለህ ነበር አልኩት። ነገረኝ። ረዳቶቹ «ቡታጅራ! ቡታጅራ!» እያሉ ሲጮሁ መሃላቸው ቆሜ፣ ልጃችንን ባሌ ባሰበለት ስም ድምፄን አውጥቼ ጠራሁለት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

እሱ ግን እኔ ያወጣሁለትን ስም እስከ ዛሬ አልጠራውም።