ከአጥር ውጭ የተደረገ ዱዓ

በንጉሡ ዘመን መካነ ሰላም ውስጥ እኔን የማያውቅ አልነበረም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደል ለይቻለሁ። የተበላሸ ራዲዮ ፈትቼ እገጥማለሁ። ከደጎሎና ከከላላ ሳይቀር ማመልከቻ ሊያስጽፉ በበቅሎ ይመጡብኝ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ ሁሉንም ያወቅሁት በራሴ ነው።

ስለዚህ ባለቤቴ አንገቷ ላይ ያበጠው ነቀርሳ ነው ተብላ፣ ከአዲስ አበባ የሚዋጥ መድኃኒት ይዛ ስትመለስ ማስታመሙ አያቅተኝም ብዬ ነበር። ክኒኑ ግን ገና ከጉሮሮዋ ሳይወርድ ያስመልሳት ጀመር። ፀጉሯ እየረገፈ ትራሷ ላይ ቀረ። አፏ ቆስሎ ውኃ እንኳ አቃጠላት። የአዲስ አበባው ሐኪም ካቋረጠች እብጠቱ እንደሚመለስ ነግሮናል፤ እሷ ደግሞ «ከእንግዲህ አልውጥም፤ አላህ የወሰነልኝን እቀበላለሁ» አለችኝ።

የጤና ጣቢያውን ነርስ ጠራኋት። የደሴ ልጅ ናት፤ ስትሠለጥን እንዲህ ያሉ ሕሙማን አስታምማለች። እኔ አፌን ሳልከፍት ባለቤቴን ጠዋት ይብስብዎታል ወይ፣ የወጥ ሽታ ያስጠላዎታል ወይ፣ ምግቡ ብረት ብረት ይልዎታል ወይ አለቻት። ባለቤቴ ሁሉንም አዎን ስትል ዓይኗ ፈጠጠ። እኔም ልጅቱ የባለቤቴ ሰውነት ውስጥ ገብታ የወጣች መሰለኝ።

ማስመለስ የሚከለክል ክኒን ከመድኃኒቱ አስቀድማ ሰጠቻት። በርበሬውን አስቀርታ፣ የበረደ የገብስ አጥሚት ጥቂት በጥቂት አዘዘች። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ላይ ጨው ጣል አድርጋ አፏን አስጉመጠመጠቻት። ፀጉሯም ተመልሶ እንደሚያድግ ነገረቻት። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች። መድኃኒቱ ነቀርሳውን ሲገድል በሽታ የሚከላከለውን የደሟን ጠባቂም ያዳክማል፤ የሌላው ሰው ጉንፋን እሷን ሊገድላት ስለሚችል ጠያቂ እንዳይገባ አለችኝ።

በእኛ አገር ጠያቂን ከደጅ መመለስ ነውር ነው። ይህንኑ ብነግራት፣ «ጋሼ፣ አገር ያከብረኛል ይሉ የለ? እንግዲህ ዛሬ ይታያል» አለችኝ።

በር ላይ ተቀመጥሁ። ጎረቤታችን የያዘችውን እርጎ ተቀብዬ ብመልሳት፣ «እሷን ደብቀህ ሌላ ልታገባ ነው?» ብላ ሰደበችኝ። ቀጥሎ ባለቤቴን በልጅነቷ ቁርአን እያስቀሩ ያስተማሯት ሸህ ጀማዓቸውን አስከትለው መጡ። ከኋላ የሚያስል ነበር። እሳቸውን መመለስ ስላልደፈርሁ ነርሷን ከውስጥ ጠራኋት። ነርሷ ወጥታ እጅ ነሣችና ስለ ደሟ ጠባቂ ለእኔ ያለችውን ነገረቻቸው። ሸሁ ሰምተው ሲያበቁ አጥሩ ሥር ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«እንግዲያስ እዚሁ እናድርገው። እሷ ከውስጥ አሚን ትበል።»

ካፊያ እየወረደ ዱዓው ተደረገ። በዚያ የቆሰለ አፍ የተባለ አሚን ቀጥኖ ከቤት ውስጥ ተሰማ። ስገባ ባለቤቴ እጇን ዘርግታ ጠበቀችኝ። «ክኒኑን አምጣው» አለች።

ዋጠች፤ አላስመለሳትም። መድኃኒቱን ጨረሰች፤ እብጠቱም ጠፋ።

በዚያ ክረምት እኔ ያደረግሁት ይህ ነው፦ ወንድ ምድጃ አይጠጋም በሚባልበት ከተማ አጥሚት አማስያለሁ። የጨው ውኃ በጥብጫለሁ። ትኩሳት በእጄ መለየት ተምሬ፣ አንድ ንጋት ሰውነቷ ሲግል ነርሷን ሮጬ አምጥቻለሁ። አገር ሙሉ ጠያቂ መልሻለሁ። ሸህ ዝናብ ውስጥ አስቀምጬ ተመርቄያለሁ። ፀጉሯ ሲያድግ መጀመሪያ ሹሩባ የሠራቻት ግን ነርሷ ናት፤ ያንን እኔ አልችልበትም።