ማቅለሽለሹ የተወኝ ጠዋት

ሦስተኛዬ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጨንግፈውብኝ ስለነበር፣ በዚህኛው የራስ ምታት ክኒን እንኳ አልውጥም ብዬ ምዬ ነበር። ሐኪሟ ለማቅለሽለሹ የሚሆን መድኃኒት ልጻፍልሽ ስትለኝ አልፈልግም አልኳት። ግትር ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ታዲያ ማቅለሽለሹ አሳሬን አበላኝ። ቤታችን ላምበረት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ማለዳ የሚሞቁት አውቶቡሶች ጭስ በመስኮት ይገባል፤ ጎረቤት ሽንኩርት ሲያቁላላ ደግሞ አንጀቴ ወደ ላይ ይላል። ባለቤቴ ሹፌር ነው፣ ሳምንቱን በወሎ መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ አማቴ ከእንጦጦ ሥር ካለው ቤታቸው ወርደው እኔ ጋ ሰነበቱ።

አማቴ ብዙ አያወሩም። ደረቅ ዳቦ ትራሴ አጠገብ ያስቀምጡና ከአልጋ ሳልነሳ ያንን ያስቆረጥሙኛል። ዝንጅብል ቀጠን አድርገው አፍልተው በስኒ ይሰጡኛል። ሆድሽ ባዶም አይሁን፣ ጢምም አይበል እያሉ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ያቀርባሉ፤ የቀዘቀዘ ድንች፣ እፍኝ ቆሎ። ታክሲ ስሳፈር ሎሚ ያስይዙኛል፣ ልጣጩን በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አሸታለሁ። ይረዳኝ ነበር፣ አልዋሽም፤ ግን ጨርሶ አልተወኝም።

አሥረኛው ሳምንት ላይ አንድ ጠዋት ስነሳ ምንም የለም። የጎረቤት ሽንኩርት ሸተተኝ፣ ጭራሽ አማረኝ። እልል ማለት ነው የቀረኝ። ለባለቤቴ ደውዬ እናትህ ከሐኪም ይበልጣሉ አልኩት፤ ሁለት ሰሃን ፍርፍር ጠርጌ በላሁ። አማቴ ግን አልሳቁም። ጡትሽንስ ያምሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እሱም ተወኝ ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና ሰሃኑን ማጠብ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ከበደኝ። ስበላ ቆመው ያዩኛል፣ ዞር ስል አንገታቸውን ይደፋሉ። ደስታዬን ስላልተካፈሉኝ አኮረፍኳቸው። በሦስተኛው ቀን ቀጠሮሽን ለምን አናስቀድመውም አሉ። ምን አስቸኮለዎት ብላቸው ሻርፓቸውን ለብሰው በር ላይ ቆሙ።

ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ሆዴ ላይ አዟዟረች። እንደገና አዟዟረች። ከዚያ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው። የልብ ምት የለውም፣ ከቆመ ቀናት ሳይሆነው አይቀርም አለችኝ። በበላሁት ወይም በጠጣሁት ነገር እንዳልመጣ፣ ያጠፋሁት እንደሌለ፣ ብዙ ሴቶችን ማቅለሽለሽ በዚሁ ሰሞን በደህና እንደሚለቃቸውም ነገረችኝ። ሰምቼ አልሰማሁም።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ያውቁ ነበር አልኳቸው። ባለቤቴን ከመውለዳቸው በፊት እሳቸውም ማቅለሽለሹ ድንገት ትቷቸው አንድ ፅንስ እንዳጡ ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ።

“የዚያን ዕለት ጠዋት ነው የገባኝ፣ ልጄ” አሉ። “ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ጠግበሽ ስትበዪ አየሁሽ። ጉርሻሽን እንዴት አድርጌ ከእጅሽ ላስጥልሽ?”

ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ። በጣም ተናድጄ ነበር። ግን እኔ ስበላ በሰነበትኩባቸው በነዚያ ቀናት እሳቸው እህል አለመቅመሳቸው ትዝ አለኝ።