የጆንያው ታች

ከሱቄ እስከ መስጊዱ ያለው ዳገት አሸነፈኝ። በወጣትነቴ ኩንታል ተሸክሜ የምሮጥ የጎንደር እህል ነጋዴ፣ መንገድ ላይ ሦስቴ እየቆምሁ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን የማስተካክል እመስል ነበር። ደረቴን እንደሚያፍነኝ ማንም እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም። ልጄ ግን አወቀች፤ እየጎተተች አዲስ አበባ አደረሰችኝ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። "አባባ፣ የልብዎ ደም ስር ጠቧል፤ ግድግዳው ላይ ካልሲየም ተጋግሮ ድንጋይ ሆኗል" አለኝ። "ከውጭ የምናነሳው ፎቶ መጥበቡን እንጂ የድንጋዩን ውፍረት በደንብ አያሳይም። ስቴንት የምትባለውን የሽቦ ቱቦ ከማስገባታችን በፊት፣ ውስጡን የሚያይ ቀጭን መሣሪያ እንስደድ?"

ልጄ ደነገጠች። እኔ ግን ሰውየውን ያን ጊዜ ወደድሁት። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ጆንያ ሳልወጋ ስንዴ ገዝቼ አላውቅም። ሆዷ ክፍት የሆነ፣ ከጆንያው ውስጥ እህል ቀድታ የምታወጣ ሹል ብረት አለችኝ፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች እወጋለሁ። ገበሬዎቹ "አያ፣ ምነው አላመንኸንም?" እያሉ ይቆጡኛል። ምን ላድርግ! የጆንያ አፍ ሁልጊዜ ሸጋ ነው፤ ጉዱ ያለው ታች ነው።

"ግባና እይ እንጂ፣ ምን ትጠይቀኛለህ!" አልሁት።

በእጄ አንጓ በኩል ገቡ። አልተኛሁም፤ ሁሉን እሰማለሁ። መሣሪያው ድንጋዩ ወፍራም መሆኑን ስላሳያቸው ትንሽ መሰርሰሪያ ሰደዱ፤ ድንጋዩን ስትፈጭ ስሰማ፣ ያ ረቢ፣ ፈራሁ። ከዚያ ስቴንቷን አስገብተው በፊኛ ነፏት።

"አለቀ አባባ! ፎቶው ላይ በጣም ያምራል።"

"ታቹንስ?" አልሁ።

"የምኑን ታች?"

"የስቴንቷን። በዚያ ውስጡን በሚያየው መሣሪያ እስከ ጫፏ ድረስ ደግመህ እይ። እኔ አፉ አምሮልኝ የገዛሁት ጆንያ የለም።"

ሳቀ፤ ግን ገባ። ወዲያው ሳቁ ቆመ። "እውነትዎን ነው። ታችኛው ጫፍ ላይ በደንብ አልተከፈተችም። እንዲህ ብንተዋት ደም ሊረጋባት ይችል ነበር" አለ። በጠንካራ ፊኛ ደግሞ ነፋት፤ ደግሞም አየ። ሳይጠየቅ ታቹን በስክሪኑ አሳየኝ፤ ሙሉ ክብ ነበር።

ጎንደር ከተመለስሁ በኋላ ባለው ሁለተኛው ጁምዓ ዳገቱን ጀመርሁት። ልጄ እንዳልወድቅ ብላ ከኋላዬ ትከተለኛለች። የለመድሁት ቦታ ስደርስ ቆምሁና ወደ ጫማዬ ጎንበስ አልሁ።

"አባባ፣ አመመህ?" አለችኝ ክንዴን ይዛ።

ትንፋሼን አዳመጥሁት። ደህና ነው። ጫማዬም ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ፣ እንባዬ መጣ።

"ምነው ትገትሪኛለሽ?" አልኋት ቀና ብዬ። "ሰላት ሊያልፈኝ ነው!"